በዘጠና ሁለት የፈላ ውሃ

ቴርሞሜትር ለመጀመሪያ ጊዜ በእጄ የያዝኩት የፊዚክስ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ነው። ኮሌጅ ሳለን ሥዕሉን በመጽሐፍ አይተናል፣ ክፍሎቹን በቃላችን ሸምድደናል፣ ተፈትነንም አልፈናል። ዲፕሎማዬን ይዤ ከአማኑኤል ከተማ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ወደምትርቅ የገጠር ትምህርት ቤት ስመደብ፣ የሰባተኛ ክፍል ልጆች «ቲቸር፣ ቴርሞሜትር ምን ያህላል?» ቢሉኝ በእጄ ለክቼ ላሳያቸው አልችልም ነበር። እንዳይጠይቁኝ ቶሎ ቶሎ አስተምር ነበር።

ፈሪ ነኝ። አሁን ስጽፈው ቀላል ይመስላል፤ ያኔ ግን ከሰው ሁሉ የምደብቀው ትልቁ ምስጢሬ ይኸው ነበር። ዕድሜዬ ሃያ ሁለት ነበር፤ ክራቫት አስራለሁ፣ ድምፄን አወፍራለሁ፣ አለንጋ ይዤ በዴስኮቹ መሃል እንጎራደዳለሁ። ውስጤ ግን አንዱ ተነሥቶ የማላውቀውን የሚጠይቀኝ ቀን መቼ ይሆን እያለ ይንቀጠቀጣል። «ፈሪ ለእናቱ» ይባላል፤ እኔ ለእናቴም የምተርፍ አይመስለኝም ነበር።

የዓመቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ ስለ ሳይንሳዊ ዘዴ ነበር። መሣሪያ አይፈልግምና ወደድኩት። ጥያቄ፣ መላ ምት፣ ሙከራ፣ ምልከታ፣ ድምዳሜ ብዬ በሰሌዳው ላይ በትልልቁ ጻፍኩ። «ያያችሁትን ጻፉ፤ ይሆናል ብላችሁ የምታስቡትን አትጻፉ!» አልኩና አስደገምኳቸው። ስልሳው ልጅ እየጮኸ ሲደግም አንዲት ልጅ ብቻ አጎንብሳ ትጽፍ ነበር። ደብተር እንዳያልቅባት ፊደሏን አጥብባ የምትጽፍ፣ ከመናገር ማዳመጥ የሚቀናት ልጅ ነበረች። አባቷ የአጥቢያችን ቄስ ናቸው። ለልጃቸው ሽማግሌ የላኩ ሰዎችን «ስምንተኛን ሳትጨርስ አይሆንም» ብለው እንደመለሱ አገሩ ሁሉ ያወራል፤ ገሚሱ እያደነቀ፣ ገሚሱ እያማ።

ኅዳር ሲያልቅ ዲሬክተራችን ጠራኝ። «ሐሙስ ሱፐርቫይዘር ይመጣሉ። የሚያዩት ያንተን ክፍል ነው። በተግባር የተደገፈ ትምህርት ነው የሚፈልጉት፤ ተዘጋጅ» አለኝ። ክው አልኩ። የሙከራ ጊዜዬን ገና አልጨረስኩም። የሱፐርቫይዘር ሪፖርቱ ያላማረለት ጀማሪ ወደ ዓባይ በረሃ እንደሚወረወር በመምህራን ማረፊያ ክፍል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ደጋ ተወልጄ ደጋ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ቆላ ማለት ለእኔ ወባ፣ እባብና ሞት ነበር። የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ዲሬክተሩ ከተቆለፈው ሳጥን ውስጥ በጥጥ የተጠቀለሉ ሁለት ቴርሞሜትሮች አውጥቶ አስፈርሞ ሰጠኝ። ሐሳቤ ውሃ በመቶ ዲግሪ እንደሚፈላ ማሳየት ነበር። መጽሐፉ መቶ ይላል፤ እኔም ተምሬ ያለፍኩት በመቶ ነው። ቤቴ ወስጄ አስቀድሜ ልሞክረው አልኩና ቢሰበርብኝስ ብዬ ፈራሁ። በጥጡ እንደተጠቀለሉ ከትራሴ ሥር አስቀመጥኳቸው።

በዚያ ዘመን ሱፐርቫይዘር የሚያየውን ትምህርት አንድ ቀን አስቀድሞ ከተማሪዎች ጋር መለማመድ የተለመደ ነገር ነበር። ማን እጅ እንደሚያወጣ፣ ማን እንደሚመልስ፣ ማን ተሳስቶ እንደሚታረም ሳይቀር ይታደላል። በማግስቱ ልጆቹ ነገሩን ገና እንዳዩት ሆነው ይገረማሉ። ማንም እንደ ነውር አይቆጥረውም፤ እኔም ረቡዕ ዕለት ሁለት የከሰል ምድጃና ሁለት ብረት ድስት አስመጥቼ ክፍሉን በሁለት ቡድን ከፈልኩ። ያቺ ልጅ የአንደኛው ቡድን ጸሐፊ ሆነች።

ውሃው መሞቅ ጀመረ። ሰባ፣ ሰማንያ፣ ሰማንያ አምስት። ልጆቹ እየተጋፉ ያያሉ። ዘጠና ላይ ሲደርስ ደስ አለኝ፤ ዘጠና ሁለት ላይ ውሃው ተንተከተከ። ቴርሞሜትሩም እዚያው ቆመ። ጠበቅኩ። ከሰል አስጨመርኩ። በደብተር አራገብኩ። ውሃው ይዘላል፣ እንፋሎቱ ፊቴን ይልጠኛል፣ ቀዩ መስመር ግን ከዘጠና ሁለት ንቅንቅ አይልም። ወደ ሁለተኛው ምድጃ ሮጥኩ፤ እዚያም ዘጠና ሁለት። ከመጽሐፉና ከቴርሞሜትሩ አንዱ ተሳስቷል፤ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አለብኝ፤ ከጠየቅኩ ደግሞ አለማወቄ ይታወቃል።

«ቴርሞሜትሮቹ ተበላሽተዋል» አልኳቸው። «ነገ ስጠይቃችሁ መቶ ነው የምትሉት። ገባችሁ?»

«አዎ፣ ቲቸር!» አሉ በአንድ ድምፅ።

ያቺ ልጅ እርሳሷን ደብተሯ ላይ አቁማ ቀና አለች። «ቲቸር፣ ያየሁትን ልጻፍ ወይስ ያሉኝን?»

በንጹሕ ልብ ነው የጠየቀችው፤ አሁን ይገባኛል። ያኔ ግን ለወራት ስፈራው የኖርኩት ጥያቄ መጣብኝ አልኩ። አለንጋውን ዴስኳ ላይ አጮህኩት። «ነገ ከመቶ ሌላ ቁጥር ከአፍሽ ቢወጣ ከዚህ ክፍል ትወጫለሽ!» ብዬ ጮህኩባት። ፊቷ አመድ መሰለ። በመስተዋት የማየውን የራሴን ፊት አየሁባት፤ ይገርማችኋል፣ እፎይ አልኩ። ፍርሃቴን ለሌላ ሰው ያሸከምኩ ያህል ቀለለኝ።

ሐሙስ ዕለት ሱፐርቫይዘሩ መጡ። ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው፣ በሚጎበኙት ክፍል ሁሉ ጀርባ ላይ ተቀምጠው ማስታወሻ የሚጽፉ ሰው ናቸው። ከዲሬክተሩ ጋር ከኋላ ተቀመጡ። በሰሌዳው ላይ ርዕስ ጻፍኩ፤ ጠመኔው ሁለቴ ተሰበረብኝ። ልጆቹ እንደተለማመዱት እጅ አወጡ፣ ተሳሳቱ፣ ታረሙ። ውሃው መፍላት ሲጀምር ሱፐርቫይዘሩ ተነሥተው ወደ ምድጃው መጡ። ይህን አልተለማመድነውም ነበር።

«እስቲ አንቺ፣ ስንት ይላል?» አሏት ጸሐፊዋን።

ቴርሞሜትሩን አየች። ከዚያ እኔን አየች። «መቶ» አለች ሊሰማ በማይችል ድምፅ።

ሱፐርቫይዘሩ መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ። «መቶ? ደግመሽ እዪ።»

«መቶ» አለች፤ እንባዋ ወረደ።

«እያየሽው?» አሉ ቀና ብለው። «መሣሪያው ዘጠና ሁለት እያለ ዓይንሽን አፍጥጠሽ ትዋሻለሽ? ሳይንስ ከውሸታም ጋር አይሆንም!» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ አይተኸዋል?»

ስልሳ ልጆች እውነቱን ያውቁ ነበር። ስልሳ ጥንድ ዓይን እኔ ላይ ነበር። አንዱ አፉን ቢከፍት አበቃልኝ፤ ማንም አልከፈተም። «ልጅቷ በደንብ አላየችው ይሆናል» አልኩ። ከዕድሜዬ ቀናት ሁሉ መርጬ ልሰርዝ ብባል የምሰርዘው ያችን ደቂቃ ነው።

ከዚያማ ሱፐርቫይዘሩ ራሳቸው አስተማሩን፤ ልጆቹንም እኔንም። መቶ የሚባለው በባሕር ጠለል ላይ ነው አሉ። ደጋ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃውን የሚጫነው ኃይል ያንሳል፤ ስለዚህ መቶ ሳይሞላ ይፈላል። የደጋ ባቄላ ለመብሰል አሳር የሚያስቆጥረው ለዚህ ነው ሲሉ ልጆቹ ሳቁ። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ደብዳቤ ደርሶኝ ቆላ ወርጄ ራሴ ለክቻለሁ፤ ዘጠና ስድስት ነው። ቆላውም እንደፈራሁት አልነበረም። የዚያን ቀን ግን ልቤ ከትምህርቱ አልነበረም፤ የማያት እሷን ብቻ ነበር። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች።

ሱፐርቫይዘሩ ዝግጅቴን አመስግነው ሄዱ። ዲሬክተሩ ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ፣ «ያቺ ልጅ ነች ያሳፈረችን። ነገ አባቷን ይዛ ካልመጣች እንዳትገባ ብያታለሁ» አለኝ። አንገቴን በእሺታ ነቀነቅኩ።

ከሰዓት በኋላ ደብተሮቹን ለማረም ተቀመጥኩ። የእሷን ስከፍት በዚያች ጠባብ ጽሑፏ እንዲህ ይላል፦

«ረቡዕ ያየሁት፦ 92
ሐሙስ ያየሁት፦ 92
ሐሙስ ያልኩት፦ 100
ምክንያት፦ ፈርቼ
ድምዳሜ፦»

ከድምዳሜው ፊት ለፊት ባዶ ነው። ስሜን አልጻፈችም። ቀዩን እስክሪብቶ ይዤ ብዙ ቆየሁ፤ የት ላይ ምን ምልክት እንደማደርግ አላወቅኩም። ካነበብኩት ሁሉ በደንብ የተጻፈው የሙከራ ዘገባ ይህ ነበር፤ የጻፈችው ደግሞ ውሸታም የተባለችው ናት።

ዓርብ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ ሳያበቃ አባቷ ደረሱ። ጥምጣማቸውን ጠምጥመው ጋቢ ደርበዋል፤ እግራቸው እስከ ባታቸው በጤዛ ርሷል። ዲሬክተሩ ቢሮ ስገባ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙኝ። ከንፈሬ መስቀሉን ሲነካ ላብ አጠመቀኝ። ልጅቱ በሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«ልጅዎ በእንግዳ ፊት ዋሽታ አዋረደችን» አለ ዲሬክተሩ።

ቄሱ በትራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ማታ ብጠይቃት ታለቅሳለች እንጂ አትናገርም። ቤቴ ብዙ ነገር ይጎድለዋል፣ ጌቶቼ፤ መዋሸትን ግን ከእኔ ቤት አልተማረችም። እዚህ የምትማረው ይህን ከሆነ ትቅርብኝ። ስምንተኛን ትጨርስ ብዬ የመለስኳቸው ሰዎች አሉ፤ እነሱን እጠራለሁ።»

ልጅቱ ቀና አላለችም። እኔ ግን የትንፋሿን መቆራረጥ ሰማሁ። አንድ ቃል ብናገር ሪፖርቱ፣ ሥራው፣ ክራቫቱ ሁሉ ገደል ይገባል። ዝም ብል እሷ ትገባለች። በመጨረሻ የሰማሁት ድምፅ የእኔ አልመሰለኝም።

«ከእኔ ነው የተማረችው» አልኩ።

«ምን?» አለ ዲሬክተሩ።

ከረቡዕ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ተናገርኩ። ስለ ዘጠና ሁለቱ፣ ስለ አለንጋው፣ ስለማላውቀው ነገር። ዲሬክተሩ ፊቱ እየጠቆረ ሄደ፤ በኋላ ምን እንደሚገጥመኝ ከዚያው አነበብኩት። ቄሱ ግን በትራቸውን እያዩ እስክጨርስ ጠበቁ። እስከዚያ ድረስ «ጌቶቼ» ሲሉን የነበሩት ሰው፣ «ምነዋ ልጄ፣ ማንን ፈርተህ?» አሉኝ።

«ሁሉንም፣ አባ። ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔን ምን አደረግኸኝ? ስሟ የጠፋው ልጆቹ ፊት ነው፤ የሚመለሰውም እዚያው ነው።» ከዚያ ወደ በሩ ተራመዱ። «እዚያ ከክፍሉ መስኮት አጠገብ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። የሚሆነውን ሰምቼ ወይ ይዣት እሄዳለሁ፣ ወይ ትቻት እሄዳለሁ።»

ከቢሮው እስከ ክፍሉ ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። እሷ ከኋላዬ ትከተላለች። ሱፐርቫይዘሩን የፈራሁት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ጨዋታ ነበር፤ እሳቸው ይመጣሉ ይሄዳሉ፣ እነዚህ ልጆች ግን ነገም ከነገ ወዲያም ፊቴ ይቀመጣሉ። ገባሁ። ተነሡ። «ተቀመጡ» አልኩ። ደብተሯን መለስኩላት፤ እሷም ቦታዋ ሄዳ ተቀመጠች። አለንጋውን ጠረጴዛው ላይ ተውኩት፤ እጄን የማደርግበት አጣሁ።

«ረቡዕ ዕለት ቴርሞሜትሮቹ ተበላሽተዋል ያልኳችሁ ስለማላውቅ ነው» አልኩ። «ደህና ነበሩ። መቶ በዪ ብዬ ያስፈራራኋት እኔ ነኝ። ትናንት ስትሰደብ ዝም ያልኩት ስለፈራሁ ነው። እሷ አልዋሸችም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ አጠገቡ ያለው በክርኑ ጎሰመው።

ከፊተኛው ዴስክ የደብተር ገጽ ሲገለጥ ሰማሁ። እርሳሷን አቁማ፣ እንደ ረቡዕ ቀና ብላ አየችኝ።

«ቲቸር፣ ድምዳሜው ላይ ይህን ልጻፈው?»

«ጻፊው» አልኳት።

አጎንብሳ መጻፍ ጀመረች። መስታወት በሌለው መስኮት አሻግሬ አየሁ። ቄሱ ከባሕር ዛፉ ሥር ተነሡ፣ ጋቢያቸውን አራገፉ፣ ብቻቸውን ወደ ቤታቸው መንገድ ገቡ።