የአለቱ ላብ

ይቅርታ አድርጉልኝ። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ነው፤ ያስቆጠረችኝም ልጄ ናት። እንደኔ ያለ ሰው ብዕር ማንሳቱ ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ። ግን ስለ አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ማን ይጽፋል? ባሌ ካረፈ ሁለት ዓመት ሞላው፤ ዛሬም ሲያነሱት "ያ እብዱ" ይሉታል። እብድ አልነበረም።

ሰፈሩ ፍልፈል ይለው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በሰው ግቢ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍር ኖረ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም፤ አፈር ግን አሽትቶ ያውቃል። አንድ ሕግ ነበረችው። ውሃ ሲወጣ ቆፋሪው አይቀምስም፤ መጀመሪያ የሚቀምሰው የተቆፈረለት ሰው ነው። ጥም ቢያቃጥለው እንኳ ከንፈሩን አያረጥብም።

ልጃችን የሳይንስ አስተማሪ ሆነች። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ የምድር ውሃ ጥንት ከሰማይ በወደቁ በረዶ ያዘሉ ድንጋዮች መጣ የሚሉ ሊቃውንት እንዳሉ ነገረችን።

"ድንጋዩ ባልዲ ይዞ ነው የመጣው?" አላት።

"አባባ ደግሞ!"

"እኔ ውሃ ያገኘሁት ሁልጊዜ ከታች ነው። አለት ያልበዋል። ምድር ውሃዋን ራሷ ናት የወለደችው።"

"ዝናብ ሰርጎ ነው እኮ።"

"ዓለሙም በፍንዳታ ተጀመረ ትሉ የለ? እኔ ድማሚት ስንቴ አፈንድቻለሁ። ሲፈርስ እንጂ ሲሠራ አላየሁም።"

ሳቅን። እሷ ሳቋን ስትጨርስ ግን "አባባ፣ ይሄን ሰው ፊት አትናገር፤ ታሳፍረኛለህ" አለችው። ቀስ ብላ ነው ያለችው። እሱ ማንኪያውን አስቀመጠ፤ መልሶም አላነሳው።

በዚያው ሳምንት ጓሯችንን መቆፈር ጀመረ፤ ከሥራ ሲመለስ፣ በዕረፍት ቀኑም። ዝናብ እንዳይገባ አፉን በቆርቆሮ ከደነ፣ ዙሪያውን በሲሚንቶ ለሰነ። ደረቅ አለት ላይ ሊደርስ፣ አለቱ ከውስጡ ውሃ ሲያወጣ ልጁን ጠርቶ ሊያስቀምሳት ነው። "የኔን አፍ አላመነችም፤ የራሷን ታምን" ይለኝ ነበር።

ስምንት ወር ቆፈረ። አለቱ ተገኘ፤ ክው ብሎ የደረቀ። አቧራው ያመጣበት ሳል ባሰበት። ሲተነፍስ ደረቱ ያፏጫል። ሐኪሙ አቧራ ይብቃህ ቢለው "ልጄ ሳትቀምስ አላቆምም" አለ። እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይቀርብኛል ብዬ ፈራሁ። አንድ ቀን ሥራ እንደሄደ ከቧንቧ ቀዳሁና ባልዲውን እያወረድኩ ሦስት ጊዜ ገለበጥኩበት።

ተመልሶ ሲያየው እንደ ሕፃን አለቀሰ። ልጅቷን አስጠራት፤ በነጋታው በምሳ ሰዓት መጣች። ወርዶ በጣሳ ቀዳ። ጠብታ አልነካም። ጣሳውን በሁለት እጁ አቀበላት።

ጠጣች። እሱ ፊቷን ፊቷን ያያል።

"እንዴት ነው?"

"አባባ… መድኃኒት መድኃኒት ይላል። የቧንቧ ውሃ ነው።"

ጣሳውን ተቀብሎ ቀመሰ። ከዚያ ያየው እሷን አልነበረም፤ እኔን ነው።

"አንቺም?" አለኝ።

ለደረትህ ብዬ ነው ልለው ስል ፊቱን አዞረብኝ። ልጄ እጁን ልትይዘው ስትጠጋ "ሂጂ የኔ እናት፣ ተማሪዎችሽ ይጠብቁሻል" አላት።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤታችንን አናጢውን ጠርቶ ገመዱን አስያዘው። ስምንት ወር ሙሉ ሲወርድም ሲወጣም ገመዱን የያዝኩለት እኔ ነበርኩ። ባልዲና ጨርቅ ይዞ ወረደ። ያፈሰስኩትን ውሃ ቀድቶ ጨረሰ፤ አለቱን ደረቅ እስኪል ወለወለው። ወጥቶ ቆርቆሮውን ከደነና ድንጋይ ጫነበት።