ከጠረጠርነው ሰው ጋር ምሳ

አምቦ ውስጥ ሞባይል ከምጠግንባት ሱቅ ፖሊሶች ወስደው ያስገቡኝ የእስር ክፍል ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። መጀመሪያ ያየሁት ሰዎቹን ሳይሆን ግድግዳውን ነው። እስከ ወገብ ድረስ ነጭ ዱቄት ይዟል፤ የተደገፈው ሁሉ ጀርባው ነጭ ነው።

ያን ጊዜ በከተማው በሰልፍ ሰበብ ወጣቱ ይለቀም ነበር። የፈለጉት ታናሽ ወንድሜን ነው፤ እሱን ሲያጡ እኔን ወሰዱ። «የት ነው?» ይሉኛል። «አላውቅም» እላለሁ። አውቅ ነበር። ወንጪ፣ አክስታችን ቤት ነው።

አንድ ቀን ጠዋት የሽንት ቤት ወረፋ ላይ ይህን ለካቦው ነገርኳቸው። ካቦ የክፍሉ አለቃ ነው፤ የኛው ካቦ ሽማግሌ መምህር ነበሩ፤ ኦቦ እንላቸዋለን። በጆሯቸው ነበር ያንሾካሾክሁት። ዞር ስል ሁላችንም የምንጠረጥረው ሰው ከኋላዬ ቆሟል።

የእጃጂ ነጋዴ ነኝ ይላል፤ ዕድሜው ከእኔ ብዙም አይርቅም። ስንቅ የሚያመጣለት ዘመድ የለውም። ቢሮ ይጠሩታል፤ ሳይነካ ይመለሳል። ጆሮ ጠቢ ነው ስለተባለ ማንም አብሮት አይበላም ነበር። የጣቢያውን ዳቦ ጥግ ይዞ ይቆረጥማል።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ተጠራ። የፖሊስ መኪና ወደ ወንጪ ዳገቱን ስትወጣ፣ የአክስቴ ውሻ ሲጮህ፣ ሁሉም ታየኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ተመለሰ።

«ሻይ ሻይ ሸተተኝ» አለ አንዱ።

«ስኳሩን ስንት አደረጉልህ፣ ጌታው?» አለ ሌላው። ሳቁ። ሰውየው ጥጉ ሄዶ ተቀመጠ።

የእናቴ ምግብ ገባ። በሩ ላይ ፖሊስ ፊት ቀምሳ ነው የምታስገባው፤ ከእንጀራው ጠርዝ የጎደለው የሷ ነው። ከብበን ተቀመጥን። ካቦው እንድጸልይ በዓይናቸው ጠቀሱኝ። አንገቴን ደፋሁ፤ ቃል እምቢ አለኝ።

ቤተሰቤ የወንጌል አማኝ ነው። አባቴ ጤና ጣቢያ ቁስል የሚያጥብ ሰው እንጂ ሰባኪ አይደለም። እራት ላይ ግን አንድ ሕግ ነበረው፦ በዕለቱ የተጣሉ ሰዎች ከጸሎት በፊት ይጎራረሳሉ። እኔና ወንድሜ ያልተጎራረስንበት ቀን ጥቂት ነው። አንዳንዴ ወንድሜ ሆን ብሎ ጉርሻው ውስጥ ቃሪያ ይደብቅልኛል። አባቴ እናቴን ያጎረሰባቸው ምሽቶችም ነበሩ፤ በምን እንደተጣሉ አናውቅም። እኔ ሳኮርፍ፣ «ንዴትህ እስኪበርድ አትጠብቅ፤ እየተናደድክም ቢሆን እጅህን ዘርጋ» ይለኛል። ያኔ እኛን ዝም ለማሰኘት የሚያደርገው ይመስለኝ ነበር።

ተነስቼ ወደ ጥጉ ሄድኩ።

«ኮቱ» አልኩት። «ና፣ አብረን እንብላ።»

«ተወኝ።»

«አንተ ልጅ» አሉ ካቦው ከኋላዬ፣ «ወንድምህን አስብ እንጂ!»

እሱን ነበር የማስበው። ተመልሼ ጠቀለልኩና ይዤለት ሄድኩ። ወጡ አንጓዬ ላይ ፈሰሰ። ሰውየው ጉርሻውን አየ፤ እኔን አየ፤ አፉን ከፈተ። ቀስ ብሎ አላመጠ። ስለ ወንድሜ ጠይቀውት እንደሆነ ይነግረኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ጨው ያንሰዋል» አለ።

ካቦው ሳያስቡት ሳቁና ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት። ያኔ ጸለይኩ። አጭር ነበር።

ከዚያ በኋላም በሩ በተከፈተ ቁጥር ወንድሜን ይዘው የሚገቡ ይመስለኝ ነበር። አላመጡትም። ይህ ግን ምንም አያረጋግጥም፤ አክስቴ ቶሎ ብላ ሌላ ቤት እንዳሻገረችው ከተፈታሁ በኋላ ሰምቻለሁ።

አምና ሰውየውን ጉደር መናኸሪያ አገኘሁት። ሸብቷል። ስለ ልጆቼ፣ ስለ እናቴ ጤና ጠየቀኝ። ከዚያ፣ «ወንድምህስ? አሁን የት ነው?» አለ።

ያው ጥያቄ። ድሮ የማውቀው ፍርሃት እንዳለ ተመለሰ። ተረጋግቻለሁ ብዬ አስብ ነበር። እኔ ዘንድ መረጋጋት አንዴ ተገኝቶ የሚቀመጥ ነገር አልሆነም፤ በየቀኑ ከመጀመሪያው እጀምረዋለሁ።

«እዚሁ ነው» አልኩት። «ከመናኸሪያው ስትወጣ በግራ፣ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ፣ ሰማያዊ በር።»

ድምፄ ተንቀጥቅጧል። አቅጣጫውን ግን በትክክል ነገርኩት።