ጠያቂ መመለስ

ሐኪሙ የእናቴን የካንሰር መድኃኒት በደም ሥር ከሚሰጠው ወደ ኪኒን ሲቀይርላት ሁለታችንም ደስ ብሎን ነበር። እስከዚያ ድረስ አዲስ አበባ እየተመላለስን ሆስፒታል ትተኛ ነበር፤ ስንመለስ የጣርማ በር ብርድ ጣቶቿን ይወጋታል፤ ሸዋ ሮቢት ወርደን ሙቀቱ እስኪቀበለን ቃል አትተነፍስም። አሁን ግን ጠዋትና ማታ ከምግብ በኋላ እቤቷ ትውጣለች። ኪኒኑን በጓንት እያወጣሁ የምሰጣት እኔ ነኝ።

ሐኪሙ አንድ ነገር አጥብቆ ነግሮኛል። መድኃኒቱ ሰውነቷ በሽታ የሚከላከልበትን አቅም ያደክማል፤ ተራ ጉንፋን እንኳ ሊጥላት ይችላል፤ ስለዚህ ሰው አይብዛባት።

እኛ ሰፈር የታመመ ሰው ሳይጠየቅ አይውልም። ጠያቂ እጅ ይጨብጣል፣ ግንባር ይዳብሳል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ዱዓ ያደርጋል። ጠያቂን ከደጅ መመለስ ለቅሶ ቤት ገብቶ ከመሳቅ አይተናነስም። እኔ ደግሞ ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» ለማለት እንኳ ድምፄ አይወጣም።

መጀመሪያ የመጡት ጎረቤታችን አሮጊቷ ናቸው። ወተት ይዘው፣ እየሳሉ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሐኪም ከልክሎ ነው።»

«ምኑን?»

«ሰው።»

«ሰው ይከለከላል እንዴ? ጨው አይደል!»

ወተቱን አስይዘውኝ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሰው ቀረ። እናቴ ከውጭ ኮቴ በሰማች ቁጥር ቀና ትላለች፤ ኮቴው ያልፋል። አንድ ማታ ኪኒኖቹን መዳፏ ላይ ይዛ ቆየች።

«የዛሬውን ልዋጥልሽ። ከነገ ጀምሮ ግን ይቅርብኝ። ሰው ጠልቶኝ ብድን ምን ሊረባኝ?»

መድኃኒቱ ከተቋረጠ በሽታው እንደሚያገረሽ ታውቃለች። አውቃ ነው ያለችው።

ሲነጋ የጠዋቱን አልዋጠችም። ወደ አሮጊቷ ቤት ሄድኩና ደጃፋቸው ላይ ቆሜ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ። እናቴ በረንዳው ላይ፣ ጠያቂ ግቢያችን ካለው የኒም ዛፍ ሥር፤ እጅ በሳሙና ታጥቦ፤ መንካት የለም፤ የሚስል ሰው ደግሞ እስኪሻለው ይቆይ።

አሮጊቷ ትክ ብለው አዩኝ።

«ጉንፋኔን ፈርተሽ ነው የመለስሽኝ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ታዲያ ያን ዕለት እንዲህ አትይም? እኔ እኮ አልቆላት ደብቃችሁን ነው ብዬ ሳለቅስ ነው የሰነበትኩት! ሰፈሩም እንደዚያው ነው የያዘው።» ወዲያው ወደ ውስጥ ዞረው ምራታቸውን ተጣሩ። «ሂጂ ንገሪያቸው፣ አለች በያቸው!»

ጀምበር ስታዘቀዝቅ የሰፈሩ ሴቶች እጃቸውን እየታጠቡ ከኒሙ ሥር ተቀመጡ። አንዷ መድኃኒቱ ያቀላውን የእናቴን መዳፍ ከሩቅ አይታ ጮኸች።

«እኛ እዚህ ስናለቅስ አንቺ ሂና ተቀብተሽ ተሞሽረሻል!»

እናቴ ሳቀች። እየሳቀችም እንባዋ ወረደ፤ ማንም ተነስቶ ሊጠርግላት አልቻለም። ሴቶቹ ዱዓ ሲያደርጉ እንድትሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «አሚን» ስትል የእሷ ድምፅ ቀጭን ነበር፤ ግን ግቢውን አቋርጦ ደረሰ።

እራቷን በላች። ኪኒኖቹን አቀረብኩላት። እኔን ሳይሆን ሴቶቹን እያየች «ቢስሚላህ» አለችና ዋጠች።

«ዓፊያ ያድርግልሽ!» አሉ ከዛፉ ሥር።

ባዶውን ብርጭቆ መለሰችልኝ።

«የነገውንም እዚሁ ነው የምውጠው» አለች።