ባምላክ ያበላት ቁርስ

ባምላክ መርዶ ነጋሪ ነበር። ለዚህ ሥራ ደመወዝ የለውም፣ የሾመውም የለም፤ ግን እንጅባራ ውስጥ ሰው ሲሞት ዘመድ መጀመሪያ የሚልከው ወደ እሱ ነው። እንጀራው የሚወጣው በአንድ የዞን መሥሪያ ቤት ተላላኪነት ነበር። ደብዳቤ ያደርሳል፣ የስብሰባ አዳራሽ ይከፍታል፣ ውሃ ያቀርባል፤ ለዚህ አንድ ቀን እንኳ ያመሰገነው የለም። ለመርዶው ግን «እንደ ባምላክ የሚያውቅበት የለም» ይባልለታል።

ደግሞም ያውቅበት ነበር። መርዶ ማለት ሄዶ ማፍረጥ መሰላችሁ? ሰውየው ብቻውን እንዳይሆን፣ እሳት ዳር እንዳይቀመጥ፣ ልጅ እንዳያቅፍ ይታያል። ሽማግሌ ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ፣ ከቤት ሳይወጣ ይደረስበታል። ከሁሉ በፊት ግን እንዲበላ ይደረጋል። ሐዘንተኛ ከሰማ በኋላ እህል አይቀምስምና፣ ሳይሰማ፣ ሳይጠረጥር፣ እያሳሳቁ ማብላት ነው። ይቺን ብልሃት ባምላክና መሰሎቹ ብቻ ነበሩ የሚያውቋት። ሲጋብዙት ለምን አበላችሁኝ ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ?

ሰርክአዲስ ሽባባው ከዳንግላ የመጣች የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ ቀልጣፋ፣ ሳቂታ፣ አፏ የማያርፍ። ያሳደጋትም ያስተማራትም ታላቅ ወንድሟ አሳምነው ነው፤ በጫግኒና በእንጅባራ መካከል ሚኒባስ እየነዳ። የወንድሟን ስም ሳታነሳ የዋለችበት ቀን የለም። «እሱ ነው እዚህ ያደረሰኝ» ትላለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ኪዳኑ ጠዋት ጠዋት የወረዳ ኃላፊዎችን በቪዲዮ ይሰበስባል። ድሮ ስብሰባው ሲከፈት ስለ ዞኑ የተወራውን ዜና አንድ ሠራተኛ ለቃቅሞ ያነብ ነበር። ያ ምስኪን ሲያረፍድ ወይም አንዱን ሲዘል ኪዳኑ በሰው ፊት አፈር ያስግጠዋል። ሰርክአዲስ መጣችና ገላገለቻቸው፤ የዜና መተግበሪያውን ከቪዲዮ ስብሰባው ጋር አገናኘችው። የእንጅባራ፣ የዳንግላ፣ የጫግኒ ስም የተነሳበትን ዜና ሁሉ ራሱ ይለቅማል፣ ራሱ ያሳጥራል፣ ስብሰባው ሲከፈት በሴት ድምፅ ራሱ ያነባል። «የሰው እጅ አይነካውም» አለች። ኪዳኑም ይህቺን ቃል ወስዶ፣ ራሱ የፈለሰፈው ይመስል፣ ለክልል ሹማምንት ሳይቀር አወራ።

እነዚያ ሹማምንት ነገሩን ሊያዩ በስክሪን በሚገቡበት ቀን ጠዋት፣ የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር ምንይችል ባምላክን በሩ ላይ ያዘው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አያ ባምላክ፣ አሳምነው ተገለበጠ። ጫግኒ መንገድ ላይ። አልተረፈም።»

ባምላክ አላለቀሰም፤ ሥራውን ጀመረ። ዳንግላ ላሉት ዘመዶች ደወለ። ከስብሰባው በኋላ ምንይችል «እናትሽን ትንሽ አሟቸዋል» ብሎ ሰርክአዲስን ዳንግላ ሊያደርሳት፣ በማግስቱ ጎህ ሲቀድም በእናቷ ቤት፣ በወገኖቿ መካከል መርዶዋን ልትሰማ ተስማሙ። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል! ምንይችል «የእኔ ባትሪ ዘጋብኝ» ብሎ ስልኳን ተዋሰ። የመዝገብ ቤቷ ናርዶስ ሬዲዮዋን ዘጋች፤ ዓይኗ ስለቀላም ወደ ጓሮ ተባረረች።

ለኪዳኑም ነገሩት። «ወይኔ፣ ምስኪን» አለና ሰዓቱን አየ። «እንግዶቹ ሊገቡ ነው። መርዶ እንደሆነ ነገ ጠዋት ነው አይደል? ስብሰባውን ትጨርስልኝና ውሰዷት።» አያችሁት? ወግ የጠበቀ መስሎ የራሱን ጉዳይ ሊያስፈጽም!

ባምላክ ሰርክአዲስን ቁርስ ጋበዛት።

«አያ ባምላክ! ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?» አለች። እውነቷን ነው። ደብዳቤው ሁሉ በኮምፒውተር መሄድ ከጀመረ ወዲህ «እግሬን ቆረጥሽው» እያለ ሲያጉረመርምባት ነው የከረመው። ፍርፍሩ ቀረበ። ርቧት ነበርና ጥርግ አድርጋ በላች፤ እየበላችም ታወራለች። «ወንድሜም እንዲህ ነው፣ በግድ ነው የሚያበላኝ።» ባምላክ ጠቅልሎ አጎረሳት። እያሳቃት ደገማት፤ ልምድ ነዋ!

አዳራሽ ገብተው ላፕቶፑን ስትከፍት «ዛሬስ ብዙ ለቅሟል» አለች። «እኔም አላየሁትም፤ ከእናንተ ጋር ነው የምሰማው።»

ባምላክ ላፕቶፑን አየው። የሰውን አፍ ሁሉ ዘግተው ይቺን አፍ ረስተዋታል።

«ልጄ፣ ዛሬ ይቺን ነገር ብትተያትስ?»

«ምን አደረገችዎት?»

«ዝም ብለሽ ተያት። ለእኔ ብለሽ።»

ከት ብላ ሳቀች። «አሁንም በእግርዎ ነገር አልለቀቁኝም? ዛሬማ አልሰማዎትም! ክልሎቹ ምን እንዳሉኝ ለወንድሜ ደውዬ ልነግረው ነው።»

ባምላክ ኪዳኑ ጆሮ ላይ ጎንበስ ብሎ «ማሽኗ ልትናገር ነው» አለው። ኪዳኑ ለስክሪኑ ፈገግ እንዳለ «ክልል ገብቷል፣ ይውጡልኝ» አለ በጥርሱ። ባምላክ ግን አልወጣም። ሄዶ ሶኬቱን ነቀለው። ግድግዳው ላይ ያለው ትልቁ ስክሪን ድርግም አለ። ላፕቶፑ ግን ወይ ፍንክች።

ሰርክአዲስ ደስ አላት። «እንደምታዩት መብራት ቢጠፋም አይቋረጥም» አለች ለእንግዶቹ። «ባትሪም የራሱ ሲም ካርድም አለው።» ኪዳኑ አጨበጨበ። ክልሎቹም አጨበጨቡ።

ያቺ የሴት ድምፅ ጀመረች። «አንደኛ ዜና። ከጫግኒ ወደ እንጅባራ ሲጓዝ የነበረ ሚኒባስ ተገልብጦ የአሽከርካሪው የአሳምነው ሽባባው ሕይወት አልፏል። ሁለተኛ ዜና። በባንጃ ወረዳ የዘንድሮው የድንች ምርት…»

የሰርክአዲስ ፈገግታ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ። ድምፁ ስለ ድንቹ ይቀጥላል። «ዝጉት! ዝጉት እንጂ!» አለ ኪዳኑ፤ መዝጋት የሚያውቅ ግን ከእሷ በቀር አልነበረም። ራሷ እጇን ዘርግታ ድምፁን ዘጋችው። ካሜራውን ያስታወሰ የለም። ከዚያ ወደ ባምላክ ዞረች።

«ያውቁ ነበር?»

«ልጄ…»

«መቼ ሰሙ?»

«ጠዋት።»

«ከቁርሱ በፊት?»

ባምላክ ስንቱን አርድቷል፤ ይህን የጠየቀው ግን አልነበረም።

«ወንድሜ መንገድ ላይ ተዘርሮ እኔን አጎረሱኝ» አለች። «እየሳቅሁ። ጣፈጠኝ እኮ!» ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ ከተተች። የበላችውን ሁሉ እዚያው ጠረጴዛው ላይ፣ ወረዳውም ክልሉም እያየ አወጣችው። የጮኸችው ከዚያ በኋላ ነው።

ኪዳኑ በሪፖርቱ «ሥርዓቱ ያለ እንከን ሠርቷል» ብሎ ጻፈ፤ ማሽኗም እስከ ዛሬ ታነባለች። ቀብሩ ላይ ባምላክ ሊያጽናናት ሲቀርብ ሰርክአዲስ ፊቷን አዞረችበት። ወሬው ግን በየወረዳው ገባ፤ ባምላክ ካበላህ ወዮልህ ተባለ። ናርዶስ እንኳ፣ ዳቦ ቆርሶ ቢዘረጋላት፣ እጇን አፏ ላይ ጭና ወደ ኋላ አፈገፈገች። መርዶ የሚልክበትም ጠፋ።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ቤቱ ገብቶ ከሚስቱ ከውዴ ጋር ማዕድ ቀረበ። ሰው ሁሉ ሸሽቶት ሆዱ ባብቶ ነበርና ወጡን አጥቅሶ ጠቀለለላት። ውዴ አፏን ከፈተች፤ ዓይኑን አየችና ዘጋችው።

«ማን ነው?» አለችው።

«ማን ምን ሆነ?»

«ልጄ ነው?»

«ኧረ ማንም አልሞተም! ብዪ እንጂ፣ በሞቴ።»

«ማልልኝ።»

ማለላት። በእግዜር ማለ፣ በልጃቸው ማለ። ጉርሻው ጣቶቹ መካከል እየቀዘቀዘ ሳለ ውዴ ተነሳች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እያለቀሰች፣ ማን እንደሞተባት ልትጠይቅ ወደ ጎረቤት ወጣች።