እስከ ከብቶቹ የሚያደርስ ትንፋሽ

እንዳላማው ከደብረ ኤልያስ ወረድ ብሎ የሚኖር ገበሬ ነው። በሚሊኒየሙ ሰሞን ደረቱን ወጋ ወጋ እያደረገ ቢያስቸግረው በሚኒባስ ደብረ ማርቆስ ሄዶ ታየ። ሐኪሟ ልጁ ልትሆን የምትችል ወጣት ነበረች። አዳምጣ፣ ለክታ፣ መድኃኒቱን ካዘዘችለት በኋላ፣ «አባባ፣ በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ» አለችው። «ዳገት ሲወጡ ማውራት ከቻሉ ልብዎ ደህና ነው። ትንፋሽዎ ከተቋረጠ ግን አረፍ ይበሉ፤ ከባሰብዎ ቶሎ ይምጡ።»

ምክሩን ወደደው። ግን ከማን ጋር ያውራ? ብቻውን እየለፈለፈ ዳገት የሚወጣ ሰው አስሮ ጠበል የሚወስድ ዘመድ እንደማይጠፋ ያውቃል። ሚስቱን የኔአለምን ይዞ ወጣና ዳገቱ ወገብ ላይ «እንዴት አደርሽ?» ቢላት፣ «ከአንድ መደብ ተነሥተን መጥተን እንዴት አደርሽ ትለኛለህ?» ብላ ጥላው ተመለሰች።

ስለዚህ በመንገደኛ ይለካ ጀመር። የአገሩ ሰላምታ መቼም ረጅም ነው። ሰውየው ተጠይቆ ቤቱ፣ ከቤቱ ልጆቹ፣ ከልጆቹ ሰብሉ፣ በመጨረሻ ከብቶቹ ይጠየቃሉ። እንዳላማው ሳይቆም፣ ትንፋሹ ሳይቆራረጥ ከብቶቹ ላይ ከደረሰ ጤነኛ ነው፤ ያን ቀን ጠላም ይቀምሳል። ሰብሉ ላይ ከቀረ ጨው ይቀንሳል። ልጆቹ ላይ ከተቋረጠ ሥራ የለም፣ ጋቢውን ተከናንቦ መተኛት ነው።

መከራው ለሌላው ነበር። እሱ እየወጣ ስለሚለካ፣ የሚወርደው ሰው አብሮት ዳገቱን መመለስ አለበት። አሰገደች የምትባለውን ሴት ከወፍጮ ቤት የመጣችበትን መንገድ ዱቄቷን እንደተሸከመች መልሶ አስወጣት። ደምለው የተባለው ጎረቤቱ ሚኒባስ እንዳያመልጠው እየሮጠ፣ «ሁላችንም ደህና ነን፣ ከብቶቹም ጭምር» ብሎ ሊያልፍ ሲል እጁን ያዘው።

«ሳልጠይቅህ አትመልስ። ልኬን ታበላሽብኛለህ።»

ሚኒባሱ አመለጠ። ከዚያ ወዲህ የእንዳላማው ጋቢ ብቅ ሲል ሰው ሁሉ በባቄላው ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ማለፍ ልማዱ ሆነ። አልፈርድባቸውም።

አንድ የጥቅምት ጠዋት ደረቱ ከብዶት ነቃ። ፈራ፤ እሞት ይሆን ብሎ ከልቡ ፈራ። ፍርሃቱን ለየኔአለም መንገር ደግሞ አሳፈረው። ዛሬስ የግድ መለካት አለበት ብሎ ወጣ። ዳገቱ ጭር ብሏል። ቀና ሲል አህያውን እየነዳ የሚወርድ አንድ ሰው አየ፤ አስማማው ነው።

ከአስማማው ጋር ዓይንና ናጫ ናቸው። የአስማማው በሬ ማሳ ጥሶ የእንዳላማውን ጤፍ ከበላ ወዲህ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ጀርባ ለጀርባ ነው የሚቀመጡት። ሽማግሌዎቹ ተመላልሰው ሲሰለቻቸው ተዉት። እንዳላማው ሰላም ስለማይለው፣ በዚያ አገር እሱን የሚሸሽበት ምክንያት ያልነበረው አስማማው ብቻ ነው። እንዳላማው ወደ ባቄላው አየ፤ ማንም የለም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

«እንዴት አደርህ?» አለ፣ ፊቱን ወደ አህያው አዙሮ።

አስማማው ቀጥ ብሎ ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ማንም ሳይጎትተው አህያውን ወደ ላይ መልሶ ከጎኑ መውጣት ጀመረ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ቀስ ብሎ።

«ቤቱስ?»

«ይመስገን።»

«ልጆቹስ?»

«ይመስገን። ትልቁ ደብረ ማርቆስ ይማራል።»

«ሰብሉስ?»

«ይመስገን።»

እንዳላማው ትንፋሹን አዳመጠ፤ ዝንፍ አላለም። «ከብቶቹስ?» ብሎ ሲጨርስ ደስታው ሊያዘልለው ደረሰ። ልቡ ደህና ነው። አሁን ኩርፊያውን ካቆመበት መቀጠል ይችላል።

ሰላምታ ግን ተራ አለው፤ የጠየቀ ይጠየቃል።

«አንተስ እንዴት ነህ?» አለ አስማማው። «ልቡን አመመው ሲሉ ሰምቼ ልጠይቅህ ተነሥቼ ነበር። ከበርህ ብትመልሰኝስ ብዬ ቀረሁ።»

እንዳላማው ሊመልስ አፉን ከፈተ። ትንፋሹ ተቆራረጠ። ዓይኑ ዕንባ ሞላ፤ ዳገቱ ላይ ቆመ። አስማማው ደንግጦ ክንዱን ደግፎ ድንጋይ ላይ አስቀመጠውና ከፊቱ ቁጢጥ አለ።

«በል ተረጋጋ። የቱ ጋ ነው የሚያምህ? መቼ ነው የጀመረህ?»

እንዳላማው በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ።

«በሬህ ጤፌን የበላ ዕለት» አለው።