የአሥር አለቃው በር

አባቴ ከመንግሥት የጠየቀው ጥቂት ቆርቆሮ ነው። ቤት ሥሩልኝ አላለም። ቤት ነበረው፤ ጣሪያው በአንድ ጥግ በኩል ያፈስስ ነበር እንጂ፣ ያውም አልጋው በሌለበት ጥግ። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው፣ ታሪኩን በወሬ የሰሙ ሰዎች "ምስኪን፣ ቤት ሳይኖረው ሞተ" ሲሉ ደሜ ስለሚፈላ ነው። ቤት ነበረው። አፈረሱበት።

ቤቱን የሠራው ራሱ ነው። ሰማንያ ሦስት ላይ ሠራዊቱ ሲበተን አባቴ አሥር አለቃ ነበር። ሰሜን ውስጥ አንድ ተራራ ላይ ሆነው ትዕዛዝ ይጠብቁ ነበር፤ ትዕዛዝ የሚሰጣቸው ሰው ቀደም ብሎ መሄዱን የሰሙት ከገበያተኛ ነው። ጓደኞቹ ወደየቀያቸው ገቡ። እሱ ግን የተሸነፈ ወታደር ሆኖ እናቱ ፊት መቆም አፈረና ማንም እሱን ወደማያውቅበት አገር ወረደ። ደቡብ ውስጥ፣ ወይጦ ላይ፣ ጨው የጫነ መኪና አሳፈረውና ጂንካ አደረሰው። "ለምን ጂንካን መረጥክ?" ስለው "እኔ መቼ መረጥኩ፣ መኪናው እዚያ ቆመ" ይለኝ ነበር።

ያኔ የደርግ ወታደር መባል ስድብ ነበር። አባቴ ስድቡን እየዋጠ ለሰው እንጨት ፈለጠ፣ ጉድጓድ ቆፈረ፣ ዘበኛም ሆነ። ከገዘር ለገበያ የምትወርድ የኣሪ ልጅ አገባ፤ እናቴ ናት። የእናቴ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም። አባቴን ዕድሜ ልኳን "አንቺ" ስትለው ኖረች፣ እሱም ፊቱ ሳይለወጥ "አቤት" ይላት ነበር። አባቷ ከጓሮው የቆረጠውን ዋንዛ ሰጣቸውና አባቴ በር ሠራበት። ወፍራምና ከባድ በር ነው፤ ልጅ ሆኜ በሁለት እጄ ካልገፋሁት አይከፈትልኝም ነበር። ከፍታውን የለካው በራሱ ቁመት ነው፣ እሱ ደግሞ አጭር ነው። ረዘም ያለ እንግዳ ሁሉ ግንባሩን እየተመታ ሲገባ አባቴ ከውስጥ ሆኖ "እኔ ቤት እጅ ሳይነሡ አይገባም" እያለ ይስቅ ነበር።

የድንበሩ ጦርነት ሲነሣ ስድቡ በአንዴ ተረሳና የቀድሞ ወታደር ተፈለገ። አባቴ ማንም ሳይጎትተው ሄደ። ሲመለስ ቀኝ እግሩ አይታጠፍም ነበር። ከዚያ እንደገና ተረሳ፤ እሱም መረሳቱን እንደ ደንብ ተቀብሎት ዘበኝነቱን ቀጠለ። እኔ ተምሬ መምህር ሆንኩ፣ እዚያው ጂንካ ተመደብኩ፣ ለትምህርት ቤቱ ቀረብ ያለ አንድ ክፍል ተከራየሁ።

እናቴ ስትሞት አስከሬኗ በዚያ በር ወጣ። ለቀስተኛው ተበትኖ ሁለታችን ስንቀር አባቴ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ እንዲህ አለኝ፦ "እኔንም በዚሁ ታወጪኛለሽ። ከሰው ቤት እንዳታወጪኝ።" እሺ አልኩት። አባት ለልጁ የሚናገረው የተለመደ ነገር መስሎኝ ነበር። የተወለደበትን አገር ዳግም ላላየ ሰው ያ በር ምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

በቅርብ ዓመታት ነው እንግዲህ የአባቴ ዓይነት ሰዎች ስም የወጣላቸው። የሀገር ባለውለታ ተባሉ። አዳራሽ ተጠርተው ኮፍያ ታደላቸው፣ ቤታቸው በመንግሥት በጀት እንደሚታደስ ተነገራቸው። አባቴ ኮፍያውን በላስቲክ ጠቅልሎ አስቀመጠና ስለ ቆርቆሮው አመለከተ። ደስ ብሎት ነበር። ደስታው ዛሬም ድረስ ያናድደኛል፤ ያን ያህል ዘመን ረስተውት በአንድ ኮፍያ ይቅር አላቸው።

ቤቱን ሊያይ የመጣው ባለሙያ ወጣት ነው፣ ከሌላ ክልል የተመደበ፣ ትሑት ልጅ። ጣሪያውን አየ፣ ግድግዳውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። "አባት፣ ቤትዎ ደህና ነው" አለ። "ችግሩ፣ እድሳት ስንለው ለሪፖርት አይታይም። ኒው ኮንስትራክሽን ካልነው ግን በጀቱ ቶሎ ይለቀቃል። ሙሉ ቤት ያገኛሉ።"

"ይኼስ?" አለ አባቴ ቤቱን በአገጩ እያሳየ።

"ይኼ ይፈርሳል።"

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። እኔም፣ የተማርኩት ልጁ፣ ሙሉ ቤት ከጥቂት ቆርቆሮ ይሻላል ብዬ አሰብኩ። ማንም እንደዚያ ያስባል።

የማስጀመሪያው ፕሮግራም ዕለት ግቢያችን በሰው ሞላ። ባነር ተሰቀለ፣ የኪራይ ወንበር ተደረደረ፣ ካሜራ የያዘ ሰው ከማንጎ ዛፋችን ሥር ቆመ። እድሳቱን የያዘው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ በፒክአፕ መጣ። ረጅም፣ ኮፍያ ያደረገ፣ ድምፁ የሚያምር ሰው ነው። ስለ ባለውለታዎቻችን ተናገረና ዶማ አቀበሉት። ቤቱ ውስጥ አልገባም። ከውጭ ሆኖ የፊቱን ግድግዳ መታ፤ ካሜራው ስላልያዘው ደግሞ መታ። ከዚያ የሰፈሩ ወጣቶች ጨረሱት። እናቴ በየዓመቱ በእጇ የለቀለቀችው ግድግዳ እየተገመሰ ሲወርድ አባቴ ያችን ኮፍያ አድርጎ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር።

በሩ ጋ ሲደርሱ ግን እያነከሰ ሄዶ ፊት ለፊታቸው ቆመ። "ይኼ አይነካም" አለ። ከነመቃኑ ነቅለው ማንጎው ላይ አስደገፉለት። የጣሪያውን አሮጌ ቆርቆሮ ግን እንጨት ባመጣው መኪና ላይ ጫኑት፤ ተመላሽ ንብረት ነው፣ ለሌላ አቅመ ደካማ ይሆናል አሉ። ከሰዓት በኋላ ወጣቶቹ የአዲሱን ቤት ቋሚ ተከሉ፣ ፎቶ ተነሡ። ኃላፊው የአባቴን እጅ በሁለት እጁ ይዞ "በቅርቡ ቁልፍ እናስረክብዎታለን፤ እስከዚያ ቦታዎን ይጠብቁ" አለው። አባቴም ሰላምታ ሰጠው፣ የወታደር ሰላምታ።

በማግስቱ አልጋውን ማድቤት አስገባ። ማድቤቱ ጓሮ ያለች፣ ግማሽ ግድግዳዋ ክፍት የሆነች ጭስ የጠገበች ጎጆ ናት። እኔ ጋ ና ብዬ ለመንኩት። "ቦታህን ጠብቅ ተብያለሁ" አለ። "ደግሞ አንድ ነገር ብሆን ከኪራይ ቤት ልታወጪኝ ነው?"

የጭቃ ቤት ያለ ጣሪያ አይመረግም፤ ዝናብ ጭቃውን መልሶ ያወርደዋል። ስለዚህ ሁሉም ነገር ቆርቆሮውን ጠበቀ። ቆርቆሮው ጨረታ ጠበቀ። ጨረታው አንድ ተወዳዳሪ ብቻ ስለቀረበበት ተሰረዘና እንደገና ወጣ። እኔ ከትምህርት ቤት ስወጣ ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ መሄድ ልማድ ሆነብኝ። "ፕሮሰስ ላይ ነው" ይሉኛል። በሌላ ቀን ስሄድም ፕሮሰስ ላይ ነው።

አንድ የማውቀው ነጋዴ ቆርቆሮ በዱቤ ሊሰጠኝ ሲስማማ ለባለሙያው ነገርኩት። ትሑቱ ልጅ ደነገጠ። "መምህርት፣ እንዳታደርጊው። በመንግሥት በጀት በተያዘ ቤት ላይ የግል ቆርቆሮ ከተመታ ኦዲት ሲመጣ እኛንም አባትሽንም ይጠይቃል።" ክፉ የምለው ሰው አልነበረም፤ ትዕዛዝ የሚፈራ ልጅ ነው። ቢሆንም ያን ቀን ልመታው ፈልጌ ነበር።

የእድራችን ዳኛ ኣሪ ናቸው፣ ለእናቴም ዘመድ፣ አማርኛቸውም እንደ እሷ ወንድና ሴት የማይለይ፣ ኦዲት የሚባል ነገር የማይፈሩ ገበሬ። ከገዘር በኩል ሣር አስመጥተው ሊከድኑለት ሰው አሰባስበው መጡ። አባቴ ቋሚዎቹ መካከል ቆሞ መለሳቸው። "ጠብቅ ተብያለሁ" አለ አሁንም።

ሰዎቹ ሲሄዱ ጮኽኩበት። "ማን ነው ጠብቅ ያለህ? ያኔም ተራራ ላይ ጠብቁ ብለው ትተውህ ሄደዋል።"

"እነሱ ሄዱ" አለ። "እኔ ቦታዬን አልለቀቅኩም።"

የተናገርኩት እውነት ስለነበር አልጸጸትኩም። ይልቅ አዘንኩ። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ መንግሥት እንዲያስታውሰው ሲጠብቅ ኖሮ፣ አስታወሰኝ ባለ ማግስት ያስታወሰውን ማሳጣት አልሆነለትም። ጣሪያውን በእኛ እጅ ቢከድን መንግሥት ዋሸኝ ማለት ይሆንበታል።

ዝናቡ በዚያ ዓመት ደህና አድርጎ ጣለ። አባቴ ለበሩ ላስቲክ ገዛለት፣ ለራሱ ግን በማድቤቱ ክፍት ጎን ጆንያ ሰቀለ። ቀን ቀን ቋሚ እንዳይሰረቅ ይጠብቃል። ከቋሚዎቹ አንዱ ሥር ሰድዶ ቅጠል ማውጣት ጀመረ፤ ወስዶ አሳየኝና "ግዴለም፣ ቤቱ ራሱ እየበቀለ ነው" አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ሲስቅ ሳል ተነሣበትና ቋሚውን ይዞ እስኪያልፍለት ቆመ።

ሰኔ ሲያልቅ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ጨረታው አሸናፊ አግኝቷል፣ ግን ዓመቱ ተዘግቷል አሉኝ። ያልተሠራበት በጀት ተመላሽ ሆኗል። ለሚቀጥለው ዓመት በዕቅድ ይያዛል። ግድግዳው ላይ አባቴ ኮፍያ አድርጎ ከኃላፊው ጋር የተነሣው ፎቶ ተለጥፎ ነበር። በሥራ አፈጻጸም ሪፖርት ውስጥ ቤታችን "የተጀመረ" ተብሎ ገብቷል።

ለአባቴ አልነገርኩትም። መንገር አያስፈልገውም ነበር፤ ፊቴን አይቶ ሌላ ወሬ ጀመረ።

ሳንባ ምች ነው አሉ ሆስፒታል። መድኃኒቱን ጀምሮ ትንሽ እንደተሻለው ቤቴ ውሰዱኝ አለ። ቤቴ ያለው ማድቤቱን ነው። ጆንያውን አውልቄ ብርድ ልብስ ሰቀልኩ፣ ከጎኑ ፍራሽ ዘርግቼ ተኛሁ። አንድ ጠዋት ካፊያ እየጣለ፣ እሳት ለማቀጣጠል ጎንበስ ባልኩበት ሞተ። ከእሳቱ ዞር ስል ዓይኑ ወደ ማንጎው በኩል ነበር፣ በሩ ወደ ቆመበት።

እድሩ ድንኳኑን ይዞ ደረሰ። አስከሬኑ ተገንዞ ሣጥን ውስጥ ከገባ በኋላ ወንዶቹ ከማድቤቱ ሊያወጡት ሲያነሡ ፊታቸው ቆምኩ። እንዲህ ብሎኝ ነበር ብዬ ለመናገር ፈለግሁ፤ ግን የቱን በር ልበላቸው? የእድሩ ዳኛ ሣጥኑ ላይ እጃቸውን አኖሩ።

"አሥር አለቃ ከማድቤት አትወጣም" አሉ። "በር አላት። በሯን አምጡ።"

ላስቲኩን ገፍፈው በሩን ከነመቃኑ አመጡና በፊተኞቹ ሁለት ቋሚዎች መካከል በምስማር መቱት። ከላይ ሰማይ፣ በግራና በቀኝ ባዶ። ሣጥኑን በበሩ አስገብተው እርጥቡ መሬት ላይ አሳረፉት። ቄሱ ጸሎት ሊያደርሱ ገቡ። ከዚያ ሕዝቡ መግባት ጀመረ፣ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም፣ ከገዘር የመጡት የእናቴ ዘመዶችም። በየትኛውም ጎን በቋሚዎቹ መካከል መግባት ይቻላል። ማንም በዚያ አልገባም። በዝናብ ተሰልፈው፣ ተራ በተራ፣ ጎንበስ እያሉ በበሩ ገቡ። ማንም እንዲህ አድርጉ አላላቸውም። እስከዚያ ሰዓት አላለቀስኩም ነበር፤ ያኔ አለቀስኩ።

ኃላፊው በፒክአፑ መጣ። መምጣቱ ደግ ነው፣ ሰው ነውና። ሰልፉን አየና ቸኩሎ ነው መሰለኝ በጎን በኩል፣ በሁለት ቋሚዎች መካከል እግሩን አስገባ። የእድሩ ዳኛ ክንዱን ያዙት።

"በበሩ" አሉት።

"አባቴ፣ ግድግዳ የለውም እኮ" አለ ኃላፊው ዝቅ ባለ ድምፅ።

"አዎ፣ የላትም" አሉ ዳኛው። ክንዱን ግን አልለቀቁም።

ኃላፊው ወደ ሰልፉ ተመለከተ። ሰው ሁሉ ያየዋል። ከዚያ እግሩን መልሶ አወጣና ሄዶ ከሰልፉ ኋላ ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ መቃኑ ዝቅ ያለ መሆኑን አላወቀም፤ ኮፍያውን መቶ ጭቃው ላይ ጣለበት። እንደገና፣ በጣም ጎንበስ ብሎ ገባ። ኮፍያውን አንሥቶ ይዞት ቆመ እንጂ አላደረገውም።

ጸሎቱ ሲያልቅ ሣጥኑን አነሡ። የተሸከሙት ሰዎች ሁሉ ረጃጅሞች ስለነበሩ በጉልበታቸው ሊንበረከኩ ምንም ያህል አልቀራቸውም። እኔ መዝጊያውን ይዤ ነበር፣ እንደ ልጅነቴ በሁለት እጄ። አባቴ በበሩ ወጣ። ከሰው ቤት አላወጣሁትም።