ስፖንጅ፣ ስቶኪንግና የእትዬ ድምፅ

ሶፋ ሠሪውን ሰፈሩ «ጭብጨባ» ነው የሚለው። ሰው ቤት ሲገባ ሰላም ከማለቱ በፊት ክፍሉ መሐል ቆሞ ሁለት ጊዜ ያጨበጭብና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። «ይሄ ቤት ይጮሃል፣ መጋረጃ ጨምሩበት» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው። አሮጌ ሶፋ ሲያመጡለትም መጀመሪያ በጥፊ ነው የሚለው። ትምህርት ቤት ያስተማረው ሰው የለም። ጆሮው ነው ያስተማረው።

ታላቅ እህቱ እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር፣ የሶፋ ልብስ ትሰፋለች። እሱ «እትዬ» ስለሚላት የሰፈሩ ሰው ሁሉ እትዬ ይላታል። ሠላሳ ዓመት የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ዘፍናለች። የሰው ዘፈን አይደለም፣ የራሷን ነው። ገና ስፌቱ ሳያልቅ ሦስት ጊዜ ሐሳቡን ስለቀየረ ደንበኛ ዘፈን አላት። ስለሞተው ባሏ ጫማ ዘፈን አላት። እኛስ? በዚያ በር እያለፍን «እትዬ ዛሬ ደስ ብሏታል» እያልን ወደ ጉዳያችን እንሄዳለን። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከመሐላችን አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ አልቀዳትም። የእያንዳንዱን ጎረምሳ የልደት ኬክ ግን ከአራት አቅጣጫ አንስተናል።

ከዚያ አንገቷ ላይ እብጠት ወጣ። ሐኪሙ በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት አላት፣ ቀጠሮውም በዘጠነኛው ቀን፣ ሐሙስ። ድምፅን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በዚያው ስለሚያልፍ እንጠነቀቃለን፣ ድምፅሽ ግን እንደነበረ ይቀራል ብዬ ቃል አልገባልሽም አላት። ሱቅ ተመልሳ መርፌዋ ላይ ክር እያስገባች ለወንድሟ ነገረችው።

«አንገቴ ይተርፋል። ድምፄን እንጃ።»

ጭብጨባ መዶሻውን አስቀመጠ። «እንቀዳዋለን» አለ።

«ማንን?»

«አንቺን ነዋ!»

«ስቱዲዮ አልሄድም። አንዴ ሄጄ ያ ከንፈሩን የሚያጣምም ልጅ ‹ለሠርግ የሚሆን የለሽም ወይ?› ብሎኛል። እግሬ እዚያ አይረግጥም።»

«ማን ሂጂ አለሽ? ቤት ውስጥ ነው።»

በማግስቱ የሙዚቃ ዕቃ መሸጫ ሄደ። ሻጩ አፉ አያርፍም። ማይክ፣ የማይክ ማቆሚያ፣ ማይኩን ከኮምፒውተር የሚያገናኝ ትንሽ ሳጥን፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ሁለት ስፒከር፣ የግድግዳ ስፖንጅ፣ ከቻለም የመስታወት ክፍል።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ካልተሟላ ስቱዲዮ አይባልም።»

«ይባልልኝ አላልኩህም። የእህቴ ድምፅ እንዲቀዳልኝ ነው።»

«እንግዲያው ይሄን ማይክ ውሰድ። ትንኝ ስታዛጋ ይሰማል!»

እነዚህ ሰዎች ያበሳጩኛል። የዕቃ ዝርዝር ዘርግተው ሰውን ያስፈራሩታል። ያ ሁሉ የሌለው ሰው አፉን መክፈት የማይገባው ይመስለዋል። ጭብጨባ ስፒከሩንና መስታወቱን ተወ። በማይኩ ግን ተሸነፈ። ከዚያ የባሰውን ስህተት ደግሞ ራሱ ሠራው። ለደንበኛ መቀመጫ ስስ ስፖንጅ አስገብቶ የማያውቅ ሰው፣ ስፖንጅ እንጀራው የሆነ ሰው፣ ሁለት ጣት የማይሞላ ሾጣጣ ስፖንጅ ገዝቶ መጣ። ለምን? ላስቲኩ ላይ «የስቱዲዮ» የሚል ተጽፎበታላ!

ከሱቁ ጀርባ ካለው ቤቱ የጓዳውን አልጋ አወጣ፣ ግድግዳውን በሙሉ በስፖንጁ ለጠፈ፣ ከልጁ ላፕቶፕ ተዋሰ። እትዬ ማይኩ ፊት እጇን አጣምራ ቆመች። ዘፈነች። ሲያዳምጡት መጀመሪያ የተሰማው ማቀዝቀዣው ነው። ቀጥሎ ከግንቡ ማዶ ያለው ብረት በያጅ፣ ቆርቆሮ ሲቆርጥ። የእትዬ ድምፅ ከነዚህ ኋላ ጆንያ ውስጥ እንደታሰረ ሰው ይጉተመተማል።

«ይቺ እኔ ነኝ?» አለች እትዬ። «እንዲህ ከሆነስ ሐኪሙ ይውሰደው።»

ሦስት ቀን እንዲሁ ሄደ። ማይኩን ከፍ፣ ዝቅ፣ ወደ በሩ፣ ወደ ጥጉ። በአራተኛው ቀን ጭብጨባ ተናዶ ግድግዳውን በአውራ ጣቱ ወጋው። ጣቱ ስፖንጁን አልፎ ግንቡን ነካ። ሳቁ ፈነዳ።

«እትዬ፣ ነይ ይሄን ጫኚው! ይሄን ሶፋ ውስጥ ከትቼ ብሸጥ ምን ትይኝ ነበር?»

«መቀስ ነበር የምወረውርብህ።»

«ስስ ስፖንጅ ወፍራም ሰው አይሸከምም። ወፍራም ድምፅስ እንዴት ይሸከማል? ቀጭኗን ብቻ ይውጥና ወፍራሙን ይተወዋል፣ ለዚህ ነው ጆንያ ውስጥ የገባሽው!»

ስፖንጁን ቦጫጭቆ አወረደው። ከሶፋ እንጨት አንድ ስንዝር ጥልቀት ያላቸው ሣጥኖች ሠራ፣ የአሮጌ ፍራሽ ጥጥ አበጥሮ ሞላባቸው። ጨርቁን እትዬ ራሷ መረጠች፣ አፏን አስጠግታ እየነፋችበት። ትንፋሽ የማያሳልፈውን ወረወረች፣ የሚያሳልፈውን ሰፋች። ሣጥኖቹን ከግንቡ አራት ጣት አርቆ ሰቀላቸው፣ ወፍራሞቹን ጥግ ጥጉ ላይ። ከዚያ መሐል ቆሞ ሁለት ጊዜ አጨበጨበ። ክፍሉ ምንም አልመለሰለትም። እንዲያ ፊቱ ሲበራ ያየነው ልጁ የተወለደ ቀን ነው።

ማይኩን መልሶ በሌላ ሊቀይር ሄደ። አፍ ሥር ያለውን ብቻ የሚሰማ፣ መድረክ ላይ በእጅ የሚያዝ ዓይነት።

«ጋሼ፣ ይሄማ መኪና ላይ ሆኖ ለማስታወቂያ ነው!»

«የኔ ጎረቤት ብረት በያጅ ነው፣ ወንድሜ። ትንኝ ስታዛጋ የምሰማበት ጊዜ የለኝም።»

ብረት በያጁም ጉዳዩን ሲሰማ ጓንቱን አወለቀ። «ለእትዬ ነው? በቀን ሁለት ሰዓት ብረት ባልቆርጥ አልሞትም» አለ። ለአዲሱ ማይክ የሚስማማ ማቆሚያ ከብረት የሶፋ እግርና ከቱቦ በየደለት። «ፐ» ሲባል ትንፋሹ ማይኩን እንዳይመታ ደግሞ ከማይኩ ፊት የሚቆም የሽቦ ቀለበት ሠራ። ጭብጨባ ቀለበቱ ላይ ስስ ነገር ወጠረበት።

«አንተ! ይሄ የኔ ስቶኪንግ አይደለም?»

«ነበር፣ እትዬ።»

«ደህናውን እኮ ነው የወሰድከው!»

«ለደህና ሥራ ነዋ።»

ማቀዝቀዣውን ነቀለ። መልሶ መሰካቱን እንዳይረሳ የሱቁን ቁልፍ ማቀዝቀዣው ውስጥ አስቀመጠ። ሱቅ ሊከፍት ሲሄድ የግድ ይከፍተዋል፣ ሲከፍተው ያስታውሳል። ማክሰኞ ጠዋት ሁሉም ዝግጁ ነበር። ከእትዬ በስተቀር። ድምፁ አሁን ጥርት ብሎ ይገባል፣ እሷ ግን ሰሌዳ ፊት እንደተጠራ ተማሪ ደርቃለች። አራት ጊዜ ጀምራ አራት ጊዜ አቆመች።

«ምን ሆንሽ?»

«እኔ እንጃ። እጄን የት ላድርገው?»

ጭብጨባ አፉን ከፍቶ አያት። ሠላሳ ዓመት ስትዘፍን እጇ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ጥጥና ማይክ ሲያሰላ ይሄንን ዘንግቶታል። ሮጦ ሄዶ ከራሱ ሥራ አንዱን ባለአንድ ሰው ሶፋ ተሸክሞ መጣ፣ ሲቀመጡበት የማይንጫጫውን። አስቀመጣት። ያላለቀ የትራስ ልብስ ጭኗ ላይ ጣለላት፣ መርፌና ክር ሰጣት፣ ማይኩን ወደ አፏ ዝቅ አደረገው።

«ስፊ» አላት። «ለኔ አትዝፈኚ። ትራሱ ለነገ ይፈለጋል።»

መስፋት ጀመረች። ሁለተኛውን ስፌት ሳትጨርስ የባሏ ጫማ ዘፈን መጣ።

እስከ ረቡዕ ቀትር አሥራ አንድ ዘፈን ተቀዳ። ስምንተኛው ላይ ክር አልቆባት ዘፈኑ መሐል «ክር!» ብላ ጮኻለች። ላጥፋው ወይ ብሎ ሲጠይቃት «ተወው፣ እውነት ነው ያለቀብኝ» አለችው። እንዳለ አለ። ሐሙስ ሆስፒታል ስትገባ ትራሱም አልቆ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ሱቅ መጣች። አንገቷ ላይ ሻሽ፣ ድምፅዋ ደግሞ ወርዷል፣ ሻክሯል፣ የበረዶ ውሃ እንደጠጣ ሽማግሌ። ሰፈሩ በሩ ላይ ተሰብስቦ «ወይኔ፣ ያ ድምፅ!» እያለ ከንፈሩን መጠጠ። አሁን ትዝ አላችሁ? ሳለ የት ነበራችሁ? ብዬ ጮኽኩባቸው፣ ራሴንም ጨምሬ።

እሷ ዞራም አላየችን። የጆሮ ማዳመጫውን አድርጋ አሥራ አንዱንም እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ሰባተኛው ላይ ቸኩላለች» አለች።

«ማን?» አለ ጭብጨባ።

«ይቺ ሴትዮ ናታ። ጥሩ ትዘፍናለች፣ ግን ትቸኩላለች።» ማዳመጫውን አውልቃ መርፌዋን ከደረቷ ነቀለች። «በል ማይኩን አዘጋጅ። ይቺኛዋም የምትለው አላት።»

ጭብጨባ ጓዳ ገባ። ሁለት ጊዜ ሲያጨበጭብ ከውጭ ሰማነው። ከዚያ ማቀዝቀዣውን ነቅሎ ቁልፉን ውስጡ አስቀመጠ።